የክርስትና ስሟ ማን ነው?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ የብዙ ሺህ ደንበኞች ስም ከነስልክ ቁጥራቸውና ከነልደት ቀናቸው ተመዝግቧል። በዓል በመጣ ቁጥር ሁሉም በየስማቸው የመልካም ምኞት መልእክት ይደርሳቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚልከው ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ዓመት የቅርብ ጓደኛዬ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነገራት። «አይዞሽ፣ እጸልይልሻለሁ» አልኳት። ማታ ለእናቴ ደውዬ ስነግራት፣ «ነገ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ቡናዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ፣ የጫማ ቁጥሯንም ሳይቀር አውቃለሁ። በ11 ዓመት ጓደኝነታችን ግን የክርስትና ስሟን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ እንደ ገብረ ሚካኤል፣ እንደ ወለተ ማርያም ያለ ስም ይወጣላቸዋል። በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት ብዙም አይጠሩበትም። በጸሎት የሚነሣው፣ ሰው ሲያርፍም በፍትሐት የሚጠራው ግን ይኸው ስም ነው። ወደ ገዳም የሚሄድ ሰው የወዳጆቹን የክርስትና ስም ጠይቆ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልኩላት። እያፈርኩ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም» አለችኝ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 16ኛ ምዕራፍ ላይ ከ20 በላይ ሰዎችን በስም ያነሣል። ብዙዎቹን የሚጠራቸው ከነውለታቸው ነው፦ ፌቤን ብዙዎችን እሱንም ጭምር ረድታለች፤ ጵርስቅላና አቂላ ለእሱ ሲሉ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል፤ የሩፎስ እናት ለእሱም እናት ሆናዋለች። እስር ቤት ሆኖ ለፊልሞና ሲጽፍም፣ ጉዳዩን ከማንሣቱ በፊት በጸሎቱ እያሰበው እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን ይነግረዋል። ምስጋናው ይቀድማል፤ ልመናው ይከተላል።

እኔም ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። በየማታው አንድ ስም፣ ከሥሩ የማመሰግንበትን አንድ ነገር፣ ከዚያ ልመናዬን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የእሷ ነው። ሥራ ባጣሁበት ጊዜ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ከፍላልኝ፣ ከዚያ በኋላ አንሥታው አታውቅም። ለካ እኔም ረስቼው ኖሯል! መጀመሪያ ለዚህ አመሰገንኩ፤ ቀጥዬ እንዲምራት ለመንኩ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። ክትትሉ ገና አላበቃም፤ የእኔም ገጽ አልተዘጋም።

እናንተስ? የክርስትና ስም ባይኖረው እንኳ ወዳጃችሁ የሚጠራበት ስም፣ የዋለላችሁም ውለታ አለው። ዛሬ ማታ አንዱን በስሙ ጥሩት። «እጸልይልሃለሁ» ያላችሁትን ሰው ደግሞ ነገ ደውላችሁ ስሙን ጠይቁት።