የትኛው ሮለር ስኬት ለየትኛው እግር?

ባለፈው ሴሚስተር አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የቀኝ እጁን አንጓ በጀሶ አሳስሮ ወደ ቢሮዬ መጣ። ስለ ፈተና ውጤቱ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን «ዶክተር፣ ስድን ሌላ ሮለር ስኬት መግዛቴ አይቀርም፤ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ጥያቄው ከፊዚክስ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

በቅድሚያ ሁለቱን ዋና ዋና ዓይነቶች እንለይ። አሜሪካዊው ጄምስ ፕሊምፕተን እ.ኤ.አ. በ1863 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጫማ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ጎማዎች አሉት። በጫማውና በአክስሎቹ መካከል የገባው ላስቲክ፣ ባለጫማው ሰውነቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጎማዎቹ ወደዚያው እንዲታጠፉ ያደርጋል። መሠረቱ ሰፊ በመሆኑ ለጀማሪ፣ ለጭፈራና ለለስላሳ ወለል ይስማማል። ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ዓይነት ደግሞ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በስፋት የታወቀ ሲሆን ለአስፋልትና ለረጅም ጉዞ ይመረጣል።

የክርክሩ እምብርት የጎማው ስፋት ነው። ጎማ 5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያላት ጠጠር ሲገጥመው፣ እርሷን ለመውጣት አክስሉ ላይ የሚያስፈልገውን አግድም ግፊት ማስላት ይቻላል። በጎማው ላይ ያረፈው ክብደት 150 ኒውተን ቢሆን፣ ዲያሜትሩ 58 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ 102 ኒውተን ያህል ይፈልጋል። ለ80 ሚሊ ሜትር 83፣ ለ110 ሚሊ ሜትር ደግሞ 69 ኒውተን ገደማ ይበቃል። ትንሽ ጎማ በጠጠር ላይ ድንገት ቀጥ የሚለውና ባለቤቱን በግንባሩ የሚደፋው ስለዚህ ነው።

ይህን ስሌት በርሊን የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ሠርቼ፣ በኩራት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ጎማ የእሽቅድምድም ጫማ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በተዘጋው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳማ ማኮብኮቢያ ላይ እንደ ወፍ በረርሁ። በሳምንቱ አንድ የድልድይ ቁልቁለት ላይ ጫማው ፍሬን እንደሌለው ትዝ አለኝ። ሒሳቤ ስሕተት አልነበረበትም፤ ስለ መቆም ግን አንዳች አላሰላሁም ነበር። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የሚሸከመው ካይኔቲክ ኢነርጂ፣ ከ1.6 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወድቅ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። የእኔው በአንድ አጥር ላይ አለቀ። ከዚህም ሌላ ትልቅ ጎማ ጫማውን ከመሬት ከፍ ያደርገዋል፤ የጎማዎቹንም መደዳ ስለሚያስረዝም መታጠፍ ይከብዳል።

የጎማ ጥንካሬ በዱሮሜትር ይለካል። 78ኤ አካባቢ ያለው ለስላሳ ፖሊዩሬቴን የሸካራ መንገድን ንዝረት ይውጣል፤ 95ኤና ከዚያ በላይ የሆነው ለአዳራሽ ወለል ነው። ነጋዴዎች አጥብቀው የሚያወድሱት የኩሽኔታ «ኤቤክ» ቁጥር ግን የአሠራር ልኬት ጥራትን እንጂ ፍጥነትን አይናገርም። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ጎማ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ የሚሽከረከረው 1,330 ዙር ያህል ነው። ከአሥር ሺህ ዙር በላይ እንዲችል ለተሠራ ኩሽኔታ ይህ ቀልድ ነው። ንጹሕና በቅባት የራሰ ኤቤክ 3፣ አቧራ ከጠጣ ኤቤክ 9 ይበልጣል።

ጫማው ሲለካ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእግር ጣት ጫፉን ዳሰስ ያድርግ፤ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ሸሸት ይበል። ተረከዝ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅር። ያገለገለ ጫማ የሚገዛ ሰው ጎማዎቹ በአንድ ጎን መበላታቸውን፣ የፍሬኑም ላስቲክ አለመሟጠጡን ይመልከት።

ለተማሪዬ ባለ 80 ሚሊ ሜትር፣ የተረከዝ ፍሬን ያለው፣ ቁርጭምጭሚትን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ መከርሁት፤ የአንጓ መከላከያም ጨመርሁበት። መከላከያውን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ። «ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ። ጀሶውን በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁለት፤ እርሱም ሳቀና ዋጋውን ጠየቀኝ።