ሽንት ለሚያመልጣቸው ሰዎች የሚደረግ እንክብካቤ

የሰው ልጅ ሽንቱን የሚይዘው በብዙ አካላት መተባበር ነው። የሽንት ፊኛ እየተለጠጠ ሽንቱን ያጠራቅማል፤ ከበታቹ ያሉት ጡንቻዎች መውጫውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሁለቱንም የሚያዝዙት ነርቮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎዳ ወይም ሲደክም ሽንት ያለ ፈቃድ ያመልጣል። ስለዚህ ሽንት ማምለጥ የሌላ ችግር ምልክት እንጂ ስንፍና ወይም የጠባይ ጉድለት አይደለም።

መንስኤው ልዩ ልዩ ነው። እርጅና፣ ወሊድ፣ የስኳር በሽታ፣ ስትሮክ፣ የአከርካሪ ጉዳት፣ በወንዶችም ላይ የፕሮስቴት እጢ ማደግ ይጠቀሳሉ። ምጥ ለቀናት ሲራዘም ደግሞ የሕፃኑ ራስ ተጭኖ በቆየበት ሥፍራ ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ይህም ፊስቱላ ይባላል። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን በነፃ አክሟል። እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር ወደ ሐኪም መቅረብ ነው። የሚድነው ይድናል፤ የማይድነውም በእንክብካቤ ይቀልላል።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ችግራቸውን ይሸሽጋሉ። ከለቅሶ፣ ከእድርና ከጸሎት ቤት ይቀራሉ። ሽንት እንዳይመጣባቸው ውኃ መጠጣት የሚተዉም አሉ። ይህ ግን ጉዳቱን ያብሳል፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጣል፤ የሆድ ድርቀትም ፊኛውን ይጫናል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እርዳታ ቀላል ቢሆንም ትጋት ይጠይቃል። አንደኛ፣ በሽተኛው በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ ወደ መጸዳጃ ቤት እንዲሄድ ማስታወስ፤ ሁለተኛ፣ የሌሊቱን መንገድ በመብራት ማሳየት፤ ሦስተኛ፣ ቀበቶ ካለው ሱሪ ይልቅ በቶሎ የሚወልቅ ልብስ ማልበስ፤ አራተኛ፣ ቡናና ሻይ ወደ ምሽት እንዲቀነሱ ማድረግ ነው። በቦሌና በአያት አካባቢ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ቤተሰቦች ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን አስቀድመው ማጠራቀም ይኖርባቸዋል። የረጠበ ገላ ቶሎ ስለሚቆስል በውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይፈተግ በፎጣ ተደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባል።

የሚያገለግሉ ዕቃዎችም አሉ። ጥቂት ለሚያመልጠው ትንሽ መምጠጫ ጨርቅ ይበቃል፤ ከአልጋ ለማይነሣ ሰው የአዋቂ ዳይፐር፣ ከአንሶላው ሥር የሚነጠፍ ላስቲክና ፖፖ ያስፈልጋሉ። ዳይፐሩ እንደረጠበ መለወጥ አለበት፤ ዋጋው ስለከበደ ብቻ ቀኑን ሙሉ ማቆየት ቁስል መጥራት ነው። አቅም ለሌለው ቤት የታጠበና ፀሐይ ላይ የደረቀ ጥጥ ጨርቅ፣ ቶሎ ቶሎ ከተለወጠ፣ ያገለግላል።

የጉዳዩን ክብደት ለማየት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ወደ አያት እንሂድ። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይጦራል። ማዕከሉ ከምግብና ከልብስ ጋር ሕዝቡን ከሚለምናቸው ነገሮች አንዱ የአዋቂ ዳይፐር ነው። ከአልጋው መነሣት ለማይችል አረጋዊ ደረቅ ሆኖ ማደር እንደ እንጀራው ሁሉ የዕለት ፍላጎቱ ነውና። መርሑም ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው የሚል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንደበታችሁን ጠብቁ። ትናንት «እርስዎ» ትሏቸው የነበሩትን አባት ዛሬ ልብሳቸው ስለረጠበ «አንተ» አትበሏቸው። «ደግሞ አመለጠዎት?» ከማለት «ልብስዎን እንለውጥ» ማለት ይሻላል። በር ዝጉ፤ ፈቃድ ጠይቁ፤ በእንግዳ ፊት ነገሩን አታንሡ። ርጥበቱን ውኃና ሳሙና ያስወግዱታል፤ ኀፍረቱን የሚያስወግደው ግን የአስታማሚው አነጋገር ነው።

መልመጃ
1. ሽንት ማምለጥ «ምልክት» የተባለው ለምንድን ነው?
2. አንድ ጎረቤት የታመሙ እናቱን እንዴት እንደሚንከባከብ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ በአክብሮት ቃላት ጻፉ።