ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ከሞላሌ እህል የሚያወርድ መኪና ስትገዙ

ዛሬ የገብስም የቡናም የዋጋ ሰንጠረዥ አላመጣሁም። ያመጣሁት ዋጋ ውስጥ ገብቶ የሚበላንን፣ ግን ማንም ሰንጠረዥ ላይ የማይጽፈውን ወጪ ነው። ስለ ካምቢዮ ነው የማወራው።

ያነሳሁት በምክንያት ነው። እዚህ መንዝ ውስጥ የአንድ ማኅበር ሰዎች የጭነት መኪና ለመግዛት ብር እያሰባሰቡ ነው። ሁለት መኪና ቀርቦላቸዋል፤ አንዱ ማኑዋል፣ አንዱ አውቶማቲክ። ሊቀመንበሩ ጠርተውኝ "አንተ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ከሾፌር ጋር ነው የምትውለው፤ የቱ ይሻለናል?" አሉኝ። "ጋሼ፣ እኔ ደላላ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም" ብል አልተቀበሉኝም። እውነታቸውን ነው። መኪና ሲቆም መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። የበልግ ገብሳችን የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ማለትም እህሉ የሚወጣው መንገዱ በሚጠፋበት ወቅት ነው። 50 ኩንታል ገብስ ለደብረ ብርሃን ገዢ አስማምቼ፣ ከሞላሌ ወጣ ካለች ቀበሌ የሚጭን መኪና ተከራየሁ። መኪናው አዲስ የሚባል፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ፣ ሾፌሩ አስፋልት የለመደ ጎበዝ ልጅ። መረሬው ላይ ያለች አንዲት አቀበት አለች፤ ርዝመቷ ከ300 ሜትር አይበልጥም። መሀሏ ላይ ሲደርስ ካምቢዮው በራሱ ማርሽ ቀየረ። በቀየረባት ቅጽበት ግፊቱ ጠፋ፣ መኪናው ቆመ። ልጁ እንደገና ሞከረ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። አራተኛው ላይ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት በራ፣ ከዚያ በኋላ ማርሽ አልገባም አለ።

ምሽት ላይ ዝናቡ ጀመረ። ገብሱን በአህያ እስክናወጣው ድረስ የታችኛው ረድፍ ጆንያ ረጠበ። ገዢው በማግስቱ እጁን አስገብቶ አየና በኩንታል ዋጋ ቀነሰ። ልክ ነበር፣ አልተከራከርኩትም። የተጎዳው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ገበሬው የጠበቀው ብር ጎደለ፤ እኔንም በሚቀጥለው ሳምንት "ያ መኪና ያመጣኸው ልጅ" እያለ ነው የሚያስታውሰኝ።

ያን ጊዜ እኔም እንደብዙ ሰው "አውቶማቲክ ለእኛ አገር አይሆንም" ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ነው የተሳሳትኩበትን ያወቅኩት።

"አውቶማቲክ" ሲባል አንድ ነገር አይደለም

ሻጭ "አውቶማቲክ ነው" ሲላችሁ ወዲያው "የትኛው አውቶማቲክ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ዓይነት አለ።

አንደኛው እውነተኛው አውቶማቲክ ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በዘይት የሚሠራ ቶርክ ኮንቨርተር ነው። የፍሪሲዮን ሸራ የለውም፤ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ጭቃ ላይ በቀስታ እየገፋ ይሄዳል፣ ማርሽ ሲቀይርም ግፊቱ አይቋረጥም። የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪናዎች የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚገጠምላቸው በከንቱ አይደለም። ልምድ የሌለው ወታደር እንኳን ጭቃ ላይ ፍሪሲዮን አያቃጥልባቸውም። ችግሩ መግዣው ውድ ነው፣ ዘይቱ ሲግል ደግሞ ካምቢዮውን ይጎዳል።

ሁለተኛው፣ አብዛኛው የዛሬ ከባድ መኪና ላይ የምናየው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማኑዋል ነው። ውስጡ ተራ ማኑዋል ካምቢዮ ነው፣ ፍሪሲዮንም አለው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው የሾፌሩ እግርና እጅ ሳይሆን ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ቮልቮ አይ-ሺፍት የሚለውን በ2001 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ነገሩ ዓለምን ያዳረሰው እንዲህ ነው። አስፋልት ላይ ግሩም ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሾፌር አያደክምም። ጭቃማ ዳገት ላይ ግን ማርሽ ሲቀይር ለአፍታ ኃይሉ ይቋረጣል። በዚያች አፍታ መረሬው መኪናውን ይይዘዋል። ሸራውም እንደማንኛውም ሸራ ይቃጠላል።

የእኛ መኪና ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ልጁ ደግሞ ማርሹን በእጅ መቆለፊያ እንዳለው አያውቅም። ከዳገቱ በፊት በዝቅተኛ ማርሽ ቆልፎት ቢሆን ኖሮ ገብሳችን ደርቆ ይደርስ ነበር። ዳገት ሲደርሱ ለበቅሎ ገብስ ቢሰጧት አይጠቅምም ይባል የለ? ማርሽም እንዲሁ ነው፤ የሚመረጠው ዳገቱ ሥር ነው።

ማኑዋልን ለምን እናምነዋለን?

የመኪና ቋንቋችንን እዩት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ የመኪና ሠራዊት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው። መንገዱን ጠግነው ነው እነዚያን ሁሉ መኪናዎች ዳገቱን ያወጧቸው። በኋላም ዋሻውን ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ፊያት ኤንትሬ መጣ፣ አይሱዙ መጣ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሾፌሩም መካኒኩም የተማረው በማኑዋል ነው። ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ፍሪሲዮን አውርዶ ሸራ የሚቀይር መካኒክ አታጡም። ኮምፒውተር ሰክቶ የካምቢዮ ስህተት የሚያነብ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ወይም መኪናው ተጎትቶ ይሄዳል። መጎተቱም ጣጣ አለው፤ አውቶማቲክ መኪና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ሳይፈታ ቢጎተት ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይዞርና ይበላሻል።

የእኛ አገር ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። ሞላሌ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 30 በመቶ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ተርቦ ያለው ይሻላል፣ ግን ከዝቅተኛ ዙር ሲነሳ እሱም ይለግማል። ስለዚህ የትኛውም ካምቢዮ ቢሆን በደንብ ዝቅ ያለ አንደኛ ማርሽ ያስፈልገዋል። ወረቀቱ ላይ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ይህን ጠይቁ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል

ብዙ ሰው ስለ ዳገት ያስባል። ሰው የሚገድለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። በመርሐቤቴ በኩል ጤፍ የምታወጡም ጀማ ወንዝን ስትሻገሩ እንዲሁ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ወርዳችሁ መልሳችሁ ትወጣላችሁ።

ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልውረድ ያለ ሾፌር ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው። ማኑዋል ላይ ዝቅተኛ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ አለቀ። በኮምፒውተር የሚታዘዘውም ማርሹ ከተቆለፈ እኩል ይይዛል። ቶርክ ኮንቨርተር ያለው ግን መቆለፊያው ካልያዘ የሞተሩ መያዝ ይላላል፤ ስለዚህ ያለ ሪታርደር ወይም ጠንካራ ኤግዞስት ብሬክ አትግዙት።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። በማኑዋልም ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሾፌር አለ። ጉም በሸፈነው የጣርማበር መታጠፊያ ላይ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ 50 ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። የትኛውም ካምቢዮ ከዚህ አያድንም።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። ቁጥሮቹ ለሒሳብ ያህል ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡ።

መኪናችሁ 50 ኩንታል ይጭናል እንበል። ፍሪሲዮን ቢቃጠልና ለሸራ፣ ለሠራተኛ፣ ለመጎተቻ 40,000 ብር ብታወጡ፣ የዚያ ጉዞ እህል በኩንታል 800 ብር ተጨመረበት። ወጪው ለ40 ጉዞ ቢከፋፈል ደግሞ በኩንታል 20 ብር ነው። ይህ ይቻላል። የማይቻለው የቆመበት ቀን ነው። ማኑዋሉ በ2 ቀን ተጠግኖ ሲወጣ፣ አውቶማቲኩ ዕቃና ባለሙያ እስኪመጣ 15 ቀን ቢቆም፣ በሳምንት 3 ጉዞ የሚሄድ መኪና 6 ጉዞ አጣ። 6 ጉዞ ማለት 300 ኩንታል ነው። ያ ገብስ በበልግ ገበያ ሰሞን መጋዘን ተቀምጦ ዋጋ ሲወርድ የሚከስረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በተቃራኒው ደግሞ አስፋልት ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ቡና ጭኖ ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ ለሚወርድ ተሳቢ፣ በየጉዞው ትንሽ ትንሽ የሚቆጠብ ናፍጣ በዓመት ትልቅ ብር ነው። ሾፌሩም ሳይደክም ይደርሳል። ኤክስፖርተሮች፣ እናንተ በኮምፒውተር የሚታዘዘውን ብትመርጡ አልከራከራችሁም። ጋራዡም መንገዳችሁ ላይ አለ።

ለሊቀመንበሩ የሰጠሁት መልስ

እንዲህ ነው ያልኳቸው። "ጋሼ፣ መኪናው ከቀበሌ ቀበሌ ክረምት ከበጋ የሚጭን ከሆነ፣ ተርቦ ያለው፣ አንደኛ ማርሹ ዝቅ ያለ፣ ኤግዞስት ብሬክ ያለው ማኑዋል ግዙ። ግን ከመኪናው ብር ላይ ለሾፌሩ አስቀሩ። ፍሪሲዮን ላይ እግሩን አሳርፎ የሚነዳ ሾፌር ከቀጠራችሁ የቱንም ብትገዙ ያቃጥልባችኋል።"

"አውቶማቲኩ በዋጋ ቢሻልስ?" አሉኝ።

"እንግዲያው ሦስት ነገር በጽሑፍ ያምጡልዎት። የትኛው ዓይነት አውቶማቲክ እንደሆነ፣ ሲበላሽ የት ከተማ በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ ሾፌራችሁን ማርሽ በእጅ መቆለፍ ማን እንደሚያስተምርላችሁ። ሦስቱም ከተመለሰ ይግዙት። አንዱ ከጎደለ ይተዉት።"

ዝም ብለው ቆዩና "ያ ባለፈው የመጣው ልጅ ይህን ያውቅ ነበር?" አሉ። አያውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። መኪና ስከራይ የምጠይቀው ዋጋና የመጫን አቅም ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን በበልግ ከማንም ከመጫኔ በፊት ሾፌሩን አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ "ያቺ አቀበት ላይ በስንተኛ ማርሽ ነው የምትገባው?" መልሱ "እሱ በራሱ ያውቃል" ከሆነ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ።

በአካባቢያችሁ መኪና ገዝታችሁ የተጠቀማችሁ ወይም የተቃጠላችሁ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች፣ ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን። የገብስና የባቄላ ዋጋ እንደተለመደው ከሐሙስ ገበያ በኋላ ይለቀቃል። ደህና ሰንብቱ፣ በሰላም ያውርዳችሁ።