ፒ-51 ሙስታንግ በኮምፒውተር፦ የጦር አውሮፕላን እንዴት ተጭኖ እንዴት ይበራል?

(የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምድ)

ባለፈው እትም የ8ኛ ክፍሏ ልጅ ስለ ንብ ቀፎ ጽፋ ሁላችንም ወደነዋል። የዛሬው ተራ የኔ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ ያለው ቤታችን ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። «ጌም ነው እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ሲሙሌተር ምንድነው?

ጌም ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ አውሮፕላኑ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሲሙሌተር ግን እንደዛ አይደለም። ሲሙሌተር የሚሠራው በሒሳብ ነው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የተማርናቸውን ጉልበቶች አስታውሱ። አውሮፕላን ላይ አራት ናቸው፦ ወደ ላይ የሚያነሳው፣ ወደ ታች የሚስበው ክብደት፣ ወደፊት የሚገፋው የሞተር ጉልበት፣ ወደኋላ የሚይዘው የአየር ፍትጊያ። ኮምፒውተሩ እነዚህን በየሴኮንዱ 120 ጊዜ እያሰላ አውሮፕላኑ የት መሆን እንዳለበት ይወስናል። እናንተ ትክክል ካልሠራችሁ ሒሳቡ አያዝንላችሁም፤ ትወድቃላችሁ።

እኔ የምጠቀምበት ፍላይትጊር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረ ነው። ብዙ አገር ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ተባብረው ነው የሠሩት። ዋጋው ባዶ ነው! በነፃ ነው፣ ሕጋዊም ነው። በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ሲጫን ጥቂት አውሮፕላኖች ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቹን ለየብቻ አምጥቶ መጨመር ይቻላል። እኔ የጨመርኩት ፒ-51ዲ ሙስታንግ የሚባለውን ነው።

የአውሮፕላኑ ታሪክ ባጭሩ

ሙስታንግን የሠራው ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1940 ነው። መጀመሪያ የነበረው ሞተር ከፍታ ላይ ይደክም ነበር። በኋላ ሜርሊን የሚባል የእንግሊዞች ሞተር ገባለትና ሌላ አውሮፕላን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1944 ከእንግሊዝ ተነስቶ፣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን እያጀበ፣ በርሊን ደርሶ ይመለስ ነበር። በጠቅላላው ከ15,000 በላይ ተሠርቷል። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ28 ሴንቲ ነው። ስድስት መትረየስ ክንፉ ውስጥ አለው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ጅራቱ ቀይ የተቀባ ሙስታንግ በፊልም አይታችሁ ይሆናል። እነሱን ያበርሩ የነበሩት ተስኪጊ ላይ የሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ተስኪጊ የአብራሪ ትምህርት እንዲጀመር ቀድመው ከወተወቱት አንዱ ደግሞ እዚያው የተማረው ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ትንሹን አየር ኃይላችንን የመራ ነው። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ መጥቶ የኛን አብራሪዎች አሠልጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ ቀይ ጅራቱን ሙስታንግ ስታዩ የኛም ታሪክ ትንሽ ነካ እንደሚያደርገው አስቡ።

አጫጫኑ

1. አውሮፕላኑ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው በዚፕ ታሽጎ ነው። ዳታ ውድ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአክስቴ ልጅ በዋይፋይ አውርዶ በፍላሽ አመጣልኝ። እናንተም ፍላሽ ያለው ዘመድ ፈልጉ።

2. ዲስካችሁ ላይ «አውሮፕላኖች» የሚል አዲስ ፎልደር ክፈቱ፤ ዚፑን እዚያ ውስጥ ፍቱት።

3. ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ዚፕ ሲፈታ አንዳንዴ ፎልደር ውስጥ ፎልደር ይፈጠራል። ከፍታችሁ እዩ። ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ የስሙ መጨረሻ «ሴት» የሚል የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። (ሴት ሲባል ልጃገረድ አይደለም! በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኢ፣ ቲ ነው።) ፍላይትጊር አውሮፕላኑን የሚያውቀው በዚህ ፋይል ነው። ይህ ፋይል ያለበት ፎልደር በቀጥታ «አውሮፕላኖች» ውስጥ መቀመጥ አለበት።

4. የፎልደሩን ስም አትቀይሩ። «የኔ ሙስታንግ» ብላችሁ ብትጽፉበት ያምራል፣ ግን አውሮፕላኑ ድምፁንና ሥዕሉን የሚፈልገው በድሮው ስም ስለሆነ ያጣቸዋል።

5. ፍላይትጊርን ክፈቱ። ከመነሻው ገጽ ላይ ተጨማሪዎች የሚለውን ተጭናችሁ «አውሮፕላኖች» የሚለውን ፎልደር አሳዩት። ልብ በሉ፣ የምታሳዩት ትልቁን ፎልደር እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም። ከዚያ የአውሮፕላን ዝርዝር ውስጥ ሙስታንግ ብቅ ይላል።

6. ቦታ ምረጡ። ዓለም ላይ ያሉ ኤርፖርቶች በሙሉ ማለት ይቻላል አሉ። ቦሌም አለ! ግን አንድ ነገር፣ የቦታው መልክዓ ምድር ካልወረደ ፍላይትጊር የማያውቀውን መሬት ሁሉ ባሕር ያደርገዋል። አዲስ አበባ በባሕር ተጥለቅልቃ ብታዩ አትደንግጡ። ኢንተርኔት ሲኖር ራሱ ያወርደዋል፤ አንዴ ከወረደ ላፕቶፑ ላይ ይቀራል።

ኮምፒውተሩ ከዘገየ ዛፉን፣ ደመናውንና ጥላውን ቀንሱ። ሒሳቡ አይቀንስም፣ ማማሩ ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ሞተር ማስነሳት

ጌም ላይ ሞተሩ ተነስቶ ይጠብቃችኋል። ሙስታንግ ግን ተራ በተራ ይፈልጋል፦ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ነዳጁን ከግራ ክንፍ ታንከር እንዲመጣ ማድረግ፣ ባትሪ ማብራት፣ የነዳጅ ፓምፕ ማብራት፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ሦስት አራት ሴኮንድ ነዳጅ መርጨት፣ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ብቻ መክፈት፣ ከዚያ ማስነሻውን መጫን። ሞተሩ ሲይዝ የነዳጅና የአየር መቀላቀያውን ወደ መሥሪያ ቦታው መግፋት።

ለምን ግራ ታንከር? ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አለው። ከሞተሩ ተርፎ የሚመለሰው ነዳጅ የሚገባው ግራ ታንከር ውስጥ ነው። ግራው ሙሉ ሆኖ ከቀኝ ብትጠቀሙ የሚመለሰው ነዳጅ ሞልቶ ይፈስሳል። እንደዚህ እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው።

ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ የሚታየው የዘይት ግፊት ነው። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ካልወጣ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ከዚያ መጠበቅ፦ ለመነሳት ዘይቱ 40 ዲግሪ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት የሌለው ልጅ ይሰለቻል። ግን አባቶቻችን ጠዋት መኪና አስነስተው ሳያሞቁ ይሄዳሉ እንዴ? አይሄዱም።

መነሳት

ሙስታንግ መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ነው፣ ፊት ለፊት ምንም አይታይም። ስለዚህ ወደ ማኮብኮቢያው የሚኬደው እንደ እባብ ግራ ቀኝ እየተጠማዘዙ፣ በጎን እያዩ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ፕሮፔለሩ በአንድ አቅጣጫ ሲሽከረከር አውሮፕላኑ ወደ ግራ መሳብ ይፈልጋል። ሞተሩ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ነዳጁን ባንዴ የሰጠ ሰው ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣር ውስጥ ይገባል፣ አንዳንዴም ይገለበጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመነሳት በፊት የጅራቱን መሪ ወደ 6 ዲግሪ ቀኝ አስተካክሎ መተው። ሁለተኛ፣ ነዳጁን ቀስ እያሉ መስጠትና የጅራቱን መሪ በቀኝ በኩል ዝግጁ አድርጎ መያዝ። ለመነሳት የሚፈቀደው የሞተር ግፊት 61 ኢንች ሜርኩሪ፣ ዙሩ በደቂቃ 3000 ነው። ከመሬት ከተለቀቀ በኋላ ጎማ ማጠፍ፣ ከዚያ ግፊቱን ወደ 46፣ ዙሩን ወደ 2700 ማውረድ።

እዚህ ላይ ሕግ አለ፦ ስትቀንሱ መጀመሪያ ግፊት፣ ቀጥሎ ዙር። ስትጨምሩ መጀመሪያ ዙር፣ ቀጥሎ ግፊት። አለበለዚያ ሞተሩ ብስክሌትን በከባድ ማርሽ ዳገት እንደመውጣት ይሆንበታል፤ ይታፈናል።

ቁልፎቹ ኪቦርድ ላይ ናቸው። ጎማ ለማጠፍ «ጂ»፣ ለማውረድ ሺፍት ይዞ «ጂ»፤ ፍሬን «ቢ»፤ ነዳጅ ለመጨመር ፔጅ አፕ፣ ለመቀነስ ፔጅ ዳውን፤ ለማቆም «ፒ»። ጆይስቲክ ካለ ይሻላል፣ ከሌለ ግን በማውዝም ይቻላል። እኔ በማውዝ ነው።

ቦሌ ለምን ይለያል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ክንፍ ደግሞ የሚነሳው በአየር ነው። የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ በእውነቱ ወደ 12 ከመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። ስለዚህ ብዙ መንደርደር ይፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ወደ 3800 ሜትር የሚረዝመው በትርፍ አይደለም ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አንዱን አውሮፕላን መጀመሪያ ባሕር ዳር ካለ ኤርፖርት፣ ቀጥሎ ከቦሌ እያስነሳሁ መንደርደሩን ሳወዳድር ነው። («ባሕር ዳር» ስል በባሕር ጠለል ላይ ያለ ማለቴ ነው፤ ከተማዋማ ራሷ ከፍታ ላይ ነች።)

ሙስታንግ ግን አየር ጨምቆ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር ስላለው ሞተሩ በስስ አየር ቶሎ አይደክምም። የሲኖትራክ ሾፌሮች ተርቦ የሚሉት ዓይነት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ተርቦ በጭስ ኃይል ሲዞር ይህኛው በሞተሩ ራሱ መዞሩ ነው። ክንፉን ግን ማንም አያግዘውም።

ማረፍ

መነሳት ቀላል ነው፣ ችግሩ ማረፍ ነው። ፍጥነት በሰዓት ከ170 ማይል በታች ሲሆን ጎማ ማውረድ፣ ከ165 በታች ፍላፑን ሙሉ በሙሉ ማውረድ፣ ወደ ማኮብኮቢያው በ120 አካባቢ መቅረብ። ወደ 100 ሲጠጋ ክንፉ አየሩን ለቅቆ አውሮፕላኑ ይወድቃል። ማረፉ ካላማረ ተመልሶ መውጣት ይቻላል፣ ግን ነዳጁ በቀስታ! ፍጥነት በሌለበት ባንዴ ከተሰጠ ሞተሩ አውሮፕላኑን በጎኑ ይገለብጠዋል። ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ መሪውን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ያኔ የጅራቱ ጎማ ይቆለፍና አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይሮጣል።

አያቴ ምን አሉ?

አንድ ቀን ስበር አያቴ ድምፁን ሰምተው ከጓዳ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ቦምብ የሚጥለው ነው?» አሉኝ። እሳቸው ወጣት ሳሉ አውሮፕላን ሲመጣ ልጅ አዝለው ገደል ሥር ይደበቁ ነበር። እስከ ዛሬ የአውሮፕላን ድምፅ አይወዱም። እኔ ስለ ሞተሩ ግፊትና ዙር ሳስረዳቸው ሰምተው ሲጨርሱ «እሱስ ጥሩ፤ ከታች ያለው ሰውስ?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ፍላይትጊር ውስጥ መልስ የለም። ሒሳቡ የሚያሰላው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ሙስታንግ ቆንጆ ነው፣ ግን ስድስቱ መትረየሶች ለቁንጅና የተገጠሙ አይደሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምበረው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ መትረየስም አልነካም። ወደፊት አብራሪ ብሆን የምፈልገው መንገደኛ የሚጭነውን ነው። ይህን እንድጽፍ አያቴ ፈቅደውልኛል።

ለት/ቤታችን ያለኝ ሐሳብ

መምህራኖቻችን፣ የኮምፒውተር ክፍላችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ፍላይትጊር ቢጫን ጉልበትን፣ የአየር ግፊትን፣ ከመቶኛን፣ ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር መቀየርን በዓይናችን እናያለን። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛም እናነባለን። እኔ «ሚክስቸር» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ ያገኘሁት ሞተሩ አልነሳ ብሎኝ ነው፤ አሁን አልረሳውም። በፍላሽ ላመጣው፣ ልጭነው፣ ላሳያችሁ ዝግጁ ነኝ። መልሱን ከእናንተ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ ለአንባቢያን

1. ቦሌ ላይ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 100 ማይል ቢያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ስንት ያህል ነው? በኪሎ ሜትርስ?
2. ፕሮፔለሩ በሌላኛው አቅጣጫ ቢዞር ኖሮ የጅራቱን መሪ ወዴት እናስተካክል ነበር?

መልሳችሁን ክፍልና ስም ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ልጅ ስሙ በሰልፍ ላይ ይነበባል።

ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል