ታንኩ ወጣ፤ ነዳጁስ የት ሄደ?

አሜሪካ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን የሚገዛ ወገናችን ጥቂት አይደለም። ከሻጭና ከደላላ አፍ ቶሎ የምትወጣው ቃል ደግሞ «የድሮዎቹ ታንኮች እኮ ወጥተዋል» የምትለዋ ናት። መውጣታቸው ደግ ነው። ግን ታንክ ሲወጣ ለዓመታት ያንጠባጠበውን ይዞ አይወጣም።

ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከተቀበሩት ታንኮች አብዛኞቹ መከላከያ የሌላቸው ብረቶች ነበሩ፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቆዩ ዝገት ይበሳቸዋል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕግ አወጣ። ኢፒኤ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ1988 ዝርዝር ደንብ ደነገገ፤ አሮጌ ታንክ ያለው ሁሉ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1998 እንዲያሻሽል፣ እንዲቀይር ወይም እንዲዘጋ ታዘዘ። በመላ አገሪቱ እስካሁን የተረጋገጡት ፍሳሾች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ታንኩ ከመነሳቱ በፊት የቀረው ነዳጅ ይመጠጣል። ባዶ ታንክ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፤ ነዳጁ ሲጎድል ቦታውን የሚይዘው ትነትና አየር በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ደረቅ በረዶ ይጨመርበታል፤ ከበረዶው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል። በመሣሪያ ተለክቶ አደጋ እንደሌለው ሲረጋገጥ ታንኩ ይነሳል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ናሙናው በሚወሰድበት ቦታ ነው። ደንቡ ብክለት ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ከሚገመተው ስፍራ እንዲወሰድ ያዛል። ብዙ ሰው የታንኩን ሆድ ሥር ብቻ ያያል። ነዳጅ ግን ቦቴው ቱቦውን ይሰካበት በነበረው አፍ ዙሪያ ይፈስሳል፣ በቧንቧ መጋጠሚያዎች ያመልጣል፣ ከፓምፖቹ ሥር ይንጠባጠባል። ታንኩን ከብቦ የነበረው አሸዋና ጠጠርም ያታልላል፤ ነዳጁን ወደ ታች አሳልፎ ራሱ ንጹሕ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ እሱን አልፎ ከሥሩ ያለውን የተፈጥሮ አፈር መያዝ ያስፈልጋል።

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚደረግ ፈጣን ፍተሻ አለ። አፈሩ ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እስከ ግማሽ ይገባል፣ ይዘጋል፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀመጣል። ከአፈሩ የተነሣው ትነት ከላይ ሲጠራቀም የትነት መለኪያ መሣሪያ ጫፍ ይገባና ቁጥር ይነበባል። በአፍንጫ ማሽተት የለም፤ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን የተባለው ኬሚካል ካንሰር ያመጣል። የመለኪያው ቁጥር የቱ አፈር ወደ ላቦራቶሪ ይሂድ የሚለውን ይመራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ላቦራቶሪ ለመላክ ደግሞ ጥንቃቄው ከዚህም ይብሳል። አፈሩን በማንኪያ እያፈሱ ማሰሮ ውስጥ ቢከቱትና ፀሐይ ላይ ቢተዉት ቤንዝኑ ተንኖ ያልቃል፤ ውጤቱም «ንጹሕ» ብሎ ይመለሳል። ይህ ነው እኔን የሚያስቆጣኝ፤ በወረቀት ላይ ንጹሕ፣ በመሬት ውስጥ ግን ያው። በትክክል የሚሠራ ባለሙያ አምስት ግራም ያህል አፈር በትንሽ መሰርሰሪያ ቱቦ ይወስዳል፣ ወዲያው ሜታኖል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ይከትታል፣ በበረዶ ሳጥን ይልካል።

ፍሳሽ ከተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይነገራል። ቀጣዩ ጥያቄ ነዳጁ የከርሰ ምድር ውኃ ደርሷል ወይ የሚለው ነው። ቤንዚን ወጥ ላይ እንዳለ ቅባት ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል፤ ቤንዝኑ ግን ሟሙቶ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ። ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው የቤንዝን መጠን በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሉ የመዝጊያ ሪፖርቱን ጠይቁ፤ ናሙናዎቹ ከየት ከየት፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደተወሰዱ የሚያሳየውን ካርታ ጭምር። የቧንቧው መስመርና የፓምፖቹ ሥር ካርታው ላይ ከሌሉ ለምን እንደቀሩ ይብራራላችሁ። «ተጨማሪ ሥራ አያስፈልግም» የሚል ደብዳቤ ቢያሳዩዋችሁም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት፤ አንዳንዱ ቦታው ለንግድ ብቻ እስከዋለ ድረስ የሚጸና ነው፤ ቤት ልሥራበት ያለ ሰው ፋይሉ እንደገና ሊከፈትበት ይችላል።