የማርሳቢት ሀብት በአራት እግሩ ይሄዳል፤ ካውንቲው ምን ያህሉን ያስቀራል?

ከዱብሉቅ ወይም ከሃሮ በኬ ገበያ የተገዛ ሰንጋ ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ ቄራ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይነካዋል። እረኛው፣ ደላላው፣ ጫኚው፣ ሹፌሩ፣ የእንስሳት ሐኪሙና ቀረጥ ተቀባዩ ሁሉም በእሱ ይተዳደራሉ። ሰንጋው ኬንያ ከገባ በኋላ ከሚያቋርጣቸው ካውንቲዎች ሁሉ ሰፊው ማርሳቢት ነው። በዚህ ካውንቲ ከ10 ነዋሪዎች 8ቱ ያህል የሚኖሩት በከብት፣ በግመል፣ በበግና በፍየል ነው። ስለዚህ ማርሳቢት አደገ ወይም ወደቀ ሲባል ነገሩ መጀመሪያ የሚታየው በቁም እንስሳት ገበያው ላይ ነው።

ካውንቲው ደግሞ እያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገው ቆጠራ 291,166 የነበረው ሕዝብ በ2019 ወደ 459,785 ከፍ ብሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሞያሌና የማርሳቢት ከተሞች ሰፍተዋል፤ ሥጋ ቤቱ፣ ሆቴሉና የወተት ነጋዴው በዝቷል። ሎያንጋላኒ አካባቢ 365 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት ኃይል ያመነጫሉ። ይሁን እንጂ ተርባይኑ ለብዙ ሰው የዕለት እንጀራ አይሆንም። እህል የሚዘራውም በማርሳቢት ተራራ ዙሪያ፣ በሞያሌና በሶሎሎ በኩል ዝናብ በሚያገኝ ጠባብ መሬት ላይ ነው። በቆሎ፣ ባቄላና ጥቂት ጤፍ ይመረታል። በቀረው ሰፊ ቆላ ግብርና ማለት እርባታ ነው፤ በሰሜን ሆርና በላይሳሚስ በኩል ግመልና ፍየል፣ በሞያሌና በሳኩ በኩል ከብት ይበዛል።

መንገዱ ያመጣው ለውጥ

የኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ ከመነጠፉ በፊት ወደ ናይሮቢ እንስሳ የሚጭን ነጋዴ ስንት ቀን እንደሚወስድበት አስቀድሞ መናገር አይችልም ነበር። ዝናብ ከዘነበ ጭቃው፣ ካልዘነበ ድንጋዩና ሽፍታው ነበሩ። 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ይህ መንገድ አስፋልት ሆኖ ሲያልቅ፣ ከሞያሌ ማታ የተነሳ መኪና በማግስቱ ናይሮቢ መግባት ጀመረ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች የሞያሌን የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ መርቀው ከፈቱ።

መንገዱ ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ የናይሮቢን ዋጋ ወደ ማርሳቢት አቅርቧል። ዛሬ ላይሳሚስ ያለ አርቢ በስልኩ የኪያማይኮን የፍየል ዋጋ ጠይቆ ነው ከደላላ ጋር የሚከራከረው። ሁለተኛ፣ እንስሳው ካውንቲው ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ አሳጥሯል። ድሮ ከብቱ እየተነዳ ሲያልፍ ውኃ፣ መኖ፣ ማደሪያና እረኛ ይገዛበት ነበር፤ አሁን ተጭኖ ያልፋል። ለነጋዴው ይህ ትርፍ ነው። ለካውንቲው ግን ጥያቄ ያስነሳል፤ የሚያልፈው መኪና በዛ ማለት የሚቀረው ገንዘብ በዛ ማለት አይደለምና።

ከ20 አንዱ ሰንጋ

ገንዘቡ የት እንደሚቀር ለማየት አንድ ጭነት ወስዶ ማስላት ይበቃል። አንድ መኪና እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 20 ሰንጋዎች ጫነ እንበል። ጠቅላላው 6,000 ኪሎ ነው። በጉዞ ላይ 5 በመቶ ብቻ ቢቀንሱ 300 ኪሎ ይጠፋል። ይህም አንድ ሙሉ ሰንጋ መንገድ ላይ እንደ መቅረት ነው። በእርግጥ ከጠፋው ክብደት ከፊሉ የሆድ ዕቃና ውኃ በመሆኑ እንስሳው ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል። ሳይጠጣና ሳያርፍ በቆየ ቁጥር ግን ከሥጋውም ይነሳል። ናይሮቢ ላይ ገዢው በሚዛን ሳይሆን በዓይኑ ስለሚገምት ጎኑ የጎደጎደውን ሰንጋ አይቶ ዋጋ ይሰብራል። ተረጋግጦ የሞተ ወይም እግሩ የተሰበረ ካለ ኪሳራው በዚያ ላይ ይደመራል።

ይህ ኪሳራ ነጋዴው ጋ ብቻ አይቆምም። በሚቀጥለው ገበያ ነጋዴው ለአርቢው የሚያቀርበውን ዋጋ ሲያስብ የመንገዱን ኪሳራ ቀንሶ ነው። እናም ሰንጋው ናይሮቢ አቅራቢያ ያጣው ኪሎ ሶሎሎ ካለው አርቢ ኪስ ይወጣል። አርቢው ያነሰ ሲያገኝ ከሱቁ የሚገዛው ይቀንሳል፤ የካውንቲው ኢኮኖሚ የሚሳሳውም በዚህ መንገድ ነው። በተቃራኒው ደኅና የመጫኛ መወጣጫ፣ ጥላ ያለው በረት፣ የውኃ ገንዳና ለገዢና ለሻጭ የሚታይ ሚዛን ያለው ገበያ ኪሎውን ያድናል። የዳነውን ኪሎ ደግሞ ነጋዴውም አርቢውም ይካፈሉታል።

ለተከፈለው ቀረጥ ምን ይገኛል?

የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥልጣን ለ47 ካውንቲዎች ሲያከፋፍል የእንስሳት ገበያን፣ የካውንቲ ቄራን፣ እርባታንና የእንስሳት በሽታ ቁጥጥርን ለእነሱ ሰጥቷል። ስለዚህ ነጋዴው ገበያ ላይ የሚከፍለው ቀረጥ የሚገባው ገበያውን መሥራትና መጠገን፣ ሐኪሙንም መመደብ ወዳለበት አካል ነው።

የማርሳቢት በጀት በአብዛኛው ከማዕከላዊው መንግሥት በሚላክ ድርሻ ላይ የቆመ ነው፤ ካውንቲው ራሱ የሚሰበስበው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ባለሥልጣን ገቢ ለመጨመር ሲያስብ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በገበያ ቀን በተሰበሰበው ከብት ላይ ነው። ነገር ግን ቀረጥ ሲበዛ ከብት ሌላ መንገድ ያገኛል። ከገበያው ወጥቶ በጫካ ይሸጣል፣ ወይም ወደ ሌላ ካውንቲ ገበያ ይነዳል። ያኔ ካውንቲው ቀረጡንም የበሽታ ቁጥጥሩንም አብሮ ያጣል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 209 ላይ ካውንቲዎች የሚጥሉት ግብር ከካውንቲ ካውንቲ የሚደረገውን ንግድና የዕቃ ዝውውር መጉዳት እንደሌለበት ደንግጓል። ከማርሳቢት ወጥቶ ሳምቡሩን፣ ኢሲዮሎንና ሌሎችንም አቋርጦ ለሚሄድ ጫኝ ይህ አንቀጽ ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ የተከፈለበትን ደረሰኝ የያዘ ነጋዴ በየኬላው እንደገና ሲጠየቅ የሚከራከርበት የሕግ መሠረት አለው ማለት ነው። ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ ግን መሟገቻ አይሆንም።

የተሻለ አሠራርም ታይቷል። በማርሳቢትና በሳምቡሩ መገናኛ ላይ የሚገኘው የመሪሌ ገበያ ከካውንቲው ጋር በጋራ የሚተዳደረው በነጋዴዎችና በአርቢዎች ማኅበር ነው። የሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነ ድርሻ ለገበያው ይመለሳል፤ በረቱን ለመጠገን፣ ለጽዳትና ለጥበቃ ይውላል። ከፋዩ የከፈለው ምን ላይ እንደዋለ በዓይኑ ሲያይ መክፈል አይከብደውም።

በሽታና ድርቅ

ካውንቲው ለንግዱ የሚሰጠው ትልቁ አገልግሎት የማይታየው ነው፤ እሱም በሽታ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። አፍተግር በአንድ አካባቢ ሲታይ እንቅስቃሴ ይታገዳል፣ ገበያ ይዘጋል። ያን ጊዜ ጤነኛ ከብት የያዘውም ነጋዴ ይታሰራል፤ መኖ ይገዛል፣ የብድሩ ቀን ይደርሳል፣ ከብቱ ይከሳል። በበግና ፍየል ላይ የሚመጣው ደስታ መሰል በሽታ ደግሞ ግልገሉን ጨርሶ የሚቀጥለውን ዓመት ገበያ ባዶ ያደርጋል። የከብቱ የደስታ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በክትባትና ድንበር ለድንበር በተደረገ ክትትል ነው። በበግና ፍየሉ በሽታም ላይ ዓለም አቀፍ ዕቅዱ እስከ 2030 ማጥፋት ነው። በሽታው ድንበር ስለማያውቅ በሞያሌ አንድ ወገን ብቻ የሚሰጥ ክትባት ግማሽ ሥራ ነው። ክትባቱ በሁለቱም ወገን በአንድ ወቅት ቢሰጥ ገንዘቡ ለሁሉም ይተርፋል።

ሁለተኛው አደጋ ድርቅ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በኬንያ ደረቃማ ካውንቲዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል፤ ማርሳቢት ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ይወጣል፤ የከሳ እንስሳ ገዢ ያጣል፤ የበቆሎ ዋጋ በዚያው ሳምንት ይወጣል። የኬንያ ብሔራዊ የድርቅ አስተዳደር ባለሥልጣን በየወሩ ከሚያወጣቸው መረጃዎች አንዱ አንድ ፍየል ተሽጦ ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ የሚያሳየው ነው። ይህ ቁጥር ሁለት ሦስት ወር በተከታታይ ሲወርድ ካየ፣ አስተዋይ ነጋዴ ገበያው ሳይጥለቀለቅ ይጭናል፤ አስተዋይ አርቢም ከብቱ ሥጋ እያለው ይሸጣል።

በጥር 2010 የእንስሳት መድን በሳተላይት በሚታይ የግጦሽ ልኬት ተመሥርቶ መጀመሪያ የተሞከረው በዚሁ ማርሳቢት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ በ2011 ተፈጸመ፤ በ2012 አሠራሩ ወደ ቦረና ተሻገረ። መጀመሪያ የታሰበው እንስሳው ከሞተ በኋላ ለመካስ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ሣሩ ማለቅ ሲጀምር ቀድሞ ወደ መክፈል ዞረ። ለሞተ ከብት የሚከፈል ገንዘብ መንጋ አይመልስም፤ ለመኖ ቀድሞ የሚከፈለው ግን ለገበያ የሚቀርበውን ሰንጋ ያቆያል። ነጋዴው መድኑን ባይገዛም አርቢው መግዛቱ ይጠቅመዋል፤ ከድርቅ ማግስት የሚገዛው ከብት የሚገኘው መንጋው ከተረፈ ነውና።

ነጋዴው ከዚህ ምን ይይዛል?

ማርሳቢት ከሚያልፈው ሀብት የበለጠ ማስቀረት የሚችለው ቀረጡን ከፍ በማድረግ አይደለም። ሚዛን፣ ውኃ፣ ክትባትና ቶሎ የሚሰጥ የማጓጓዣ ፈቃድ ሲኖር ከብቱ ወደ ገበያው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ቀረጡም ተከትሎ ይመጣል። ነጋዴው በበኩሉ ሦስት ነገር በእጁ ነው፦ የሚሸጥበትን ገበያ ማኅበር መቀላቀል፣ ለከፈለው ሁሉ ደረሰኝ መያዝ፣ ከመጫኑ በፊት ያሳረፈውንና ያጠጣውን እንስሳ ብቻ መጫን። የመጨረሻው ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። ከ20 አንዱን ሰንጋ የሚያድነውም እሱ ነው።