የልጅዎ የኦንላይን ምስክር ወረቀት ምን ይመሰክራል?

ክረምት ሲገባ የስልካችንን ስክሪን ከሚያጣብቡት ማስታወቂያዎች መካከል የልጆች ሥልጠናዎች ግንባር ቀደም ናቸው። ኮዲንግ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሥዕል… ሁሉም በኦንላይን፣ ሁሉም ቤት ተቀምጦ። የአብዛኞቹ ማስታወቂያ መዝጊያም አንድ ነው፤ «ሰርተፍኬት ይሰጣል»። በማርኬቲንግ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር የምንወዳት ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጅ ገንዘብ ከፍሎ በእጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ትምህርት አይጨበጥም፤ ወረቀት ግን ይጨበጣል። ስለዚህ በእኛ በኩል «ይሰጣል» የምትለው ቃል «ይሸጣል» ከምትለው ብዙም አትርቅም።

ይህን የምለው ሰርተፍኬትን ለማጣጣል አይደለም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምረቃ ፎቶ በየቤታችን ምን ያህል ክብር እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ገና ከኬጂ ጀምሮ ልጆቻችንን ጋውን አልብሰን የምናስመርቀውም ለድካማቸው ምስጋና እንዲሆን ነው። ነገር ግን የአማርኛው ስም ራሱ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል፤ «ምስክር ወረቀት» ነው የምንለው። ምስክር ደግሞ መናገር ያለበት ያየውን ነው። እንግዲህ የልጅዎ ወረቀት ምን አይቶ ነው የሚመሰክረው?

ሦስት ወረቀት፣ ሦስት ምስክርነት

የኦንላይን ሰርተፍኬቶች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ወርቃማ ጠርዝ፣ በትልቁ የተጻፈ ስም፣ ከታች ፊርማ። የሚሉት ነገር ግን በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የተሳትፎ ነው፤ ልጁ ተመዝግቦ ተገኝቷል ማለት ነው። ሁለተኛው የማጠናቀቅ ነው፤ የተዘጋጁትን ትምህርቶች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትሎ መልመጃዎቹን ሠርቷል ይላል። ሦስተኛው የብቃት ነው፤ ተፈትኖ ወይም ሥራውን አሳይቶ መቻሉ ተረጋግጧል ይላል። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያለፉ ሰዎች ልዩነቱን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ከኮሌጅ ሠልጥኖ መውጣት አንድ ነገር ነው፣ «ሲኦሲ» የምንለውን የብቃት ምዘና ማለፍ ደግሞ ሌላ።

ችግር የሚመጣው አንደኛው ወረቀት የሌላውን ልብስ ሲለብስ ነው። በቅርብ በማውቀው አንድ ሥልጠና ሰጪ ድርጅት ውስጥ ለልጆች የኮዲንግ ኮርስ የተዘጋጀው ሰርተፍኬት «በከፍተኛ ብቃት አጠናቋል» እንዲል ተወስኖ ነበር። ኮርሱ ግን የሚጠይቀው ቪዲዮዎቹን ማየት ብቻ ነበር። መምህሩ አልፈርምም አሉ። ቪዲዮውን ከፍቶ ሌላ ነገር ሲጫወት የዋለውንና ማታ ቁጭ ብሎ የራሱን ጌም የሠራውን ልጅ በአንድ ቃል ልመሰክርላቸው አልችልም የሚል ነበር ምክንያታቸው። የሽያጭ ክፍሉ ጥያቄም ቀላል አልነበረም፤ ወላጅ «ተከታትሏል» የሚል ወረቀት ይዞ ለማን ያሳያል?

በመጨረሻ ወረቀቱ ሁለት ሆነ። ቪዲዮዎቹን ጨርሶ መልመጃዎቹን ለሠራ የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት፣ የራሱን ትንሽ ፕሮጀክት ሠርቶ ላስረከበ ደግሞ የፕሮጀክቱ ስም የተጻፈበት ሌላ ወረቀት። ቅር ያላቸው ወላጆች ነበሩ። የመጀመሪያውን ወረቀት ከያዙ በኋላ ሁለተኛውን ፈልገው ወደ ሥራው የተመለሱ ልጆችም ነበሩ። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው የእነዚህ ልጆች መመለስ ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ

የኦንላይን ሰርተፍኬት አንዴ ይነደፋል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል። በብዙ አገሮች ያሉ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበትን ሙድልን ለምሳሌ እንውሰድ። አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ የፈጠረውና በ2002 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ዕትሙ የወጣው ይህ ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰርተፍኬት ለማዘጋጀት የሚረዳ ተጨማሪ ፕሮግራምም ይጫንበታል። አዘጋጁ የወረቀቱን መጠን ይመርጣል፣ የጀርባ ምስልና ዓርማ ያስገባል፣ ከዚያም ቦታ ቦታቸውን ያሲዛቸዋል፤ እዚህ የተማሪው ስም፣ እዚህ የኮርሱ ስም፣ እዚህ ቀኑ፣ እዚህ ውጤቱ፣ እዚህ የማረጋገጫ ኮዱ። ተማሪው ሲጨርስ ሥርዓቱ ከመዝገብ እያወጣ ይሞላና በፒዲኤፍ ያስረክበዋል።

ይሁን እንጂ ከዲዛይኑ የሚበልጠው ቅድመ ሁኔታው ነው። ሰርተፍኬቱ ለማን እንደሚከፈት የሚወስነው አዘጋጁ ነው። መልመጃዎቹን በሙሉ የሠራ፣ በመጨረሻው ፈተና የተወሰነ ነጥብ ያመጣ፣ ወይም በኮርሱ ውስጥ የተወሰነ ደቂቃ የቆየ ብቻ እንዲያገኘው ማድረግ ይቻላል። ምንም ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጡ ለተመዘገበ ሁሉ ክፍት መተውም ይቻላል። በሁለቱም መንገድ የሚወጣው ወረቀት በዓይን ሲታይ አንድ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚቻለው በመጠየቅ ብቻ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ በኦንላይን ተምሮ ሰርተፍኬት ማውረድ በብዙ ቤት የተለመደ ነገር ሆኗል። ከዚሁ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ችግር አለ፤ የስም። ሥርዓቱ የሚያትመው ስንመዘገብ የሞላነውን ነው። ለልጅዎ ቸኩለው በቤት ስሟ «ሚሚ» ብለው ካስመዘገቧት፣ ሰርተፍኬቱ የሚወጣው ለሚሚ ነው። ልጅ በእናቱ አካውንት ገብቶ ከተማረ ደግሞ የምትመረቀው እናቱ ናት።

ሌላው ጣጣ የመመዝገቢያ ቅጹ ነው። አብዛኞቹ የውጭ ሥርዓቶች ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያላቸው፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። የእኛ ስም ግን ከራስ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳጥን የልጁን ስም፣ በሁለተኛው የአባትና የአያት ስም መሙላት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ የልደት ምስክር ወረቀቱን ወይም ፓስፖርቱን አጠገብዎ አድርገው አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ይገልብጡ። ልጁ ከዓመታት በኋላ ወረቀቶቹን አሰባስቦ ለአንድ ማመልከቻ ሲያቀርብ፣ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የመጣ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት አድካሚ ነው። በአማርኛም ቢሆን «ኃይሉ» እና «ሃይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» በንባብ አንድ ሆነው በጽሑፍ ይለያያሉ።

ሰርተፍኬት አዘጋጅ ለሆኑ አንባቢዎችም አንድ ነገር ላንሳ። የመረጡት ፎንት የግዕዝ ፊደላት ከሌሉት የልጁ ስም ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታተማል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያሉ ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ረጅም የሆነ የሦስት ትውልድ ስም አስገብተው ይሞክሩት፤ ናሙናው ላይ ባለ አጭር ስም ያማረ ዲዛይን ለገብረመድኅን ወልደሚካኤል ሲሆን ከጠርዙ አልፎ ሊወጣ ይችላል።

ቀንና ማኅተም

ሥርዓቱ በራሱ የሚያትመው ቀን የፈረንጆቹን ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጨረሰች ልጅ ወረቀት ላይ 2025 ይጻፋል። እንደ ወሩ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ አንዱን ብቻ መጻፍ ኋላ ግራ ያጋባል። ጥሩ አዘጋጅ ሁለቱንም ቀን «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ብሎ ለይቶ ያሰፍራል።

እኛ አገር ደግሞ ማኅተም የሌለው ወረቀት እምነት አይጣልበትም። በኦንላይን ሰርተፍኬት ላይ ግን የሚታየው ክብ ማኅተምም ሆነ ፊርማ ምስል ነው፤ ማንም ቆርጦ ሊለጥፈው ይችላል። የማኅተሙን ሥራ የተካው የማረጋገጫ ኮዱ ነው። ኮዱን በሰጪው ድርጅት ገጽ ላይ ሲያስገቡ፣ ወይም ኪውአር ኮዱን በስልክዎ ሲያነሱ፣ የተማሪው ስምና የኮርሱ ስም መውጣት አለበት። ወረቀቱ በደረሰዎት ዕለት ራስዎ ይሞክሩት። ድርጅቱ ነገ ገጹን ሊዘጋ ስለሚችል ፒዲኤፉን በቤተሰብ ፋይል ውስጥ ያስቀምጡ። የልጅዎን ሙሉ ስም የያዘ ወረቀት ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ ከመለጠፍም፣ ለአያቶቹ በቴሌግራም መላኩ ይሻላል።

ራስዎ ለማዘጋጀት ካሰቡ

በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ላሉ የኢትዮጵያውያን ልጆች በቪዲዮ አማርኛ የሚያስተምሩ፣ ወይም እዚሁ ለጥቂት ተማሪዎች በኦንላይን የሚያስጠኑ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እናንተ ትልቅ ሥርዓት አያስፈልጋችሁም። እንደ ካንቫ ባለ የዲዛይን መሥሪያ ወይም በፓወር ፖይንት አንድ ገጽ ይበቃል። ወረቀቱን በኤ4 አግድም አድርጉት፤ ጥራቱን ጠብቆ እንዲታተም የጀርባ ምስሉ ወደ 3508 በ2480 ፒክስል ይሁን።

ከዲዛይኑ ይልቅ ቃሉ ላይ ጊዜ ስጡ። አማርኛ ወንድና ሴት ይለያል፤ «አጠናቋል» ብላችሁ አንዴ ከነደፋችሁ ሴቶቹ ሁሉ ወንድ ሆነው ይመረቃሉ። «ትምህርቱን በማጠናቀቅ ለተማሪ … የተሰጠ» የሚለው አጻጻፍ ለሁሉም ይሆናል። ቀጥሎ አንድ መስመር ለልጁ ሥራ ተዉ። «የአማርኛ ኮርስ» ከማለት «ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደላት ለይቶ ማንበብና ለአያት አጭር ደብዳቤ መጻፍ» ማለት ለልጁም ለአያቱም ይበልጣል። የወሰደውን ሰዓት፣ የመምህሩን ስምና ቀኑን ጨምሩበት። የሰጣችሁትን ወረቀት ሁሉ በተራ ቁጥር መዝግባችሁ አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ «ይህ የእናንተ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልስ ይኖራችኋል።

ከመክፈልዎ በፊት

ልጅዎን ለማስመዝገብ ሲደውሉ አምስት ነገር ይጠይቁ። ሰርተፍኬቱን ለማግኘት ልጄ ምን ማድረግ አለበት? ሳይሠራ ቢቀርስ አይሰጠውም? የወረቀቱን ናሙና ማየት እችላለሁ? ማረጋገጫው በየት በኩል ነው? የሰርተፍኬቱ ዋጋ ከኮርሱ ጋር ነው ወይስ ለብቻው? በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ይነግርዎታል። «አይሰጠውም» ብሎ ደፍሮ የሚመልስ ድርጅት ወረቀቱን ያከብራል ማለት ነው።

ወረቀቱ መጥቶ ቤት ውስጥ ደስታ ሲሆን ደግሞ ልጅዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ»። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማሳየት ከጀመረ አያቋርጡት፤ እርስዎ ባይገባዎትም እስኪጨርስ ይስሙት። የሚያሳየው ካጣም አይቆጡ፤ የክረምቱ ቀሪ ሳምንታት አሉ፣ ፍሬሙን መግዛት ለዚያ ጊዜ ይቆይ።